ለአማረች ያላነበብኩላት መልእክት

የአማረችን ሞት የሰማሁት ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው የድሮ መሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ያዥ ነበረች። ስለ ደም ግፊቷ ስታወራኝ ቆይታ ድንገት፣ «ያቺ ዐይነ ስውሯ ቴሌፎኒስት እኮ ሞተች፤ አልሰማህም? ሐሙስ ዕለት ጉኑኖ ቀበሯት» አለችኝ። በምን እንደሞተች ጠየቅኳት። ኩላሊት ነው መሰለኝ አለች። ቀጥላም፣ «አንተና እሷ አትዋደዱም ነበር አይደል?» አለችኝ። ተራዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ።

አዎ፣ አንዋደድም ነበር። አሁን ሞተች ብዬ ሌላ ታሪክ አልፈጥርላትም። አማረች ቁጡ ሰው ነበረች፤ ቂም ትይዛለች፣ ምላሷ ይቆርጣል። ደግ ነበረች ብዬ ብጽፍላት የምትደሰት አይመስለኝም፤ ምናልባት «አሁንም ዋሸ» ትል ነበር። ብትል ደግሞ እውነቷን ነው።

ያኔ ሶዶ ውስጥ ካሉት የዞን መምሪያዎች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አማረች ስትቀጠር የስልክ ማዞሪያውን ያስቀመጡላት እኔ ክፍል ውስጥ፣ ከፋይል መደርደሪያው ወዲያ ነው። ትውልዷ ጉኑኖ ነው። በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዐይኗን ወሰደው፤ ከዚያ በዐይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተምራ ዲፕሎማ ይዛ መጣች። ረጅም ናት፤ ስትቀመጥም ጀርባዋ ወንበሩን አይነካም። መስታወቱ የሚከፈት የእጅ ሰዓት ነበራት። ስትናደድ ከፍታ ቆጣሪዎቹን በጣቷ ትነካቸዋለች፤ ያናደዳት ሰው ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት የምትለካ ይመስል ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ዘበኛው ደረጃ ላይ ሊደግፋት ክንዷን ያዘ። «ያልጠየቅኩህን እጅ አንሣ» አለችው። ሰውየው ሳቀና አልለቀቃትም። በዱላዋ ቅልጥሙን መታችው፤ ሁለት ቀን አነከሰ። አዲስ የመጣ ኃላፊ ደግሞ አንድ ጊዜ እሷ ፊት ቆሞ እኔን፣ «ምሳዋን በልታለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ጆሮዬ ይሠራል፤ እኔን ይጠይቁኝ» አለችው። ኃላፊው ከዚያ በኋላ ክፍላችን ገብቶ አያውቅም።

ሥራዋን ግን ታውቅ ነበር። የደወለውን ሰው በመጀመሪያው ቃል ታውቀዋለች። የአሥራ ሁለት ወረዳ ቁጥር በቃሏ ነው። በዚያ ማዞሪያ ላይ ስትቀመጥ የመምሪያው ሰው ሁሉ፣ ኃላፊውም ጭምር፣ በእሷ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ከዚያ ሞባይል መጣ።

መጀመሪያ ኃላፊዎቹ ያዙ፣ ቀጥሎ ባለሙያዎቹ፣ በመጨረሻ ዘበኛውም። ማዞሪያው ቀስ በቀስ ዝም አለ። ጠዋት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጮህ የሚውልበት ቀን መጣ። አማረችም የራሷን ስልክ ገዛች። አምስት ቁጥር ላይ ካለችው ትንሽ እብጠት ተነሥታ ቁልፎቹን ሁሉ በጣቷ አወቀቻቸው፤ ከማንኛችንም ፈጥና ትደውል ነበር። ካርድ ስትሞላና መልእክት ሲገባላት ግን ዐይን ያለው ሰው ያስፈልጋታል። የካርዱን ቁጥር ፍቄ የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ ታስደግመኛለች። መልእክትም ሲመጣ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥና መዳፏን ዘርግታ እስክመልስላት ትቆማለች። ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «አንብብ። አትተርጉም።»

እኔ ደግሞ ይህ ያናድደኝ ነበር። የምረዳት እኔ፣ የምታዘኝ እሷ። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ጉኑኖ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ሰው አለ ይባል ነበር፤ ሊያገባት ሽማግሌ ሊልክ። አንድ ቀን መልእክት ገባላትና ስልኩን ሰጠችኝ። ሰውየው ነው። ቤተሰቦቹ ዐይነ ስውር አታገባም እንዳሉት፣ እሱም ሊያስቀይማቸው እንደማይችል፣ እንዳትጠብቀው ጽፏል። እንዳለ አነበብኩላት። «ቀስ በል» አለችኝ መሐል ላይ፤ በሩ ክፍት ነበር። ጨረስኩ። ስልኩን ተቀበለችኝና ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ የሰዓቷ መስታወት ሲከፈት ሰማሁ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለጸሐፊዋ ነገርኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አወቀው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ሊያጽናኗት መጡ፤ ስቃ መለሰቻቸው፤ ለእኔ ምንም አላለችኝም።

ያለችው በግምገማ ላይ ነው። ያኔ በየሦስት ወሩ አዳራሽ ተሰብስበን አንዱ ያንዱን ድክመት ይናገራል፤ በዚያ ላይ ነጥብ ይሰጣል። የእኔ ተራ ሲደርስ ብዙዎቹ ሥራውን አክባሪ ነው ምናምን ብለው አለፉ። አማረች ተነሣች። «ደምሴ አንድ ድክመት አለበት፤ አፉ ነው» አለች። «አንብብልኝ ተብሎ የተሰጠውን የሰው መልእክት ገበያ ያወጣል። መዝገብ ቤት የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ከሆነ የመምሪያው ምስጢርም ገበያ ነው።» ማንም አልተከራከረላትም፤ ለእኔም የተከራከረልኝ የለም። ነጥቤ ወረደ። አዋሳ ለሥልጠና ሊልኩኝ የነበረው ቀረና ሌላ ሰው ሄደ። ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። ሚስቴ ምን ሆነህ ብትለኝ፣ «አንዲት ዕውር ሰደበችኝ» አልኳት። እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ከዚያ በኋላም ማንበቤን አላቆምኩም፤ ሌላ ሰው አልነበራትም። ሁለታችንም ጥርሳችንን ነክሰን ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የመዋቅር ጥናት የሚባለው መጣ። መደቦች ታጠፉ፣ ሌሎች ተከፈቱ፣ ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ተወዳደረ። ቴሌፎኒስት የሚባል መደብ ጨርሶ ቀረ። መደብ ያጣውን ሰው «ተንሳፋፊ» ይሉታል። ሁሉም የራሱን ነፍስ ለማዳን ይሯሯጥ ነበር፤ ስለ ሌላው የሚያስብ አልነበረም። ውጤቱ በወጣ ሰኞ ከሰው ሀብት ለሁላችንም አንድ ዓይነት መልእክት ተላከ። አማረች ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «አንብብ» አለችኝ።

መልእክቱ አራት ዐረፍተ ነገር ነበር። ያኔ ስልኮቻችን ፊደል ስለማያውቁ አማርኛውን በላቲን ነበር የምንጽፈው። የምደባ ውጤት ተለጥፏል ይላል። መደብ ያላገኘ ለጊዜው በነበረበት ይቆያል ይላል። ይህን አነበብኩላት። የቀረው ሁለት ነው፤ ቅሬታ ያለው ሰው እስከ አርብ በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ያመልክት፤ ካለፈ አይታይም።

እዚያ ላይ ቆምኩ። አስቤበት አልነበረም። አፌ ዝም አለ፤ እኔም ተውኩት።

«ሌላ የለውም?» አለችኝ።

«የለውም።»

መዳፏን ዘረጋች፤ ስልኩን መለስኩላት። ከሰኞ እስከ አርብ አምስት ቀን አለ። በየቀኑ ጠዋት እነግራታለሁ እያልኩ ገባሁ፤ በየቀኑ ማታ ነገ እላለሁ ብዬ ወጣሁ። አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን ስንዘጋ፣ «ደህና ሰንብት» አለችኝ፤ «ደህና ሰንብቺ» አልኳት።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አብሯት የተማረ አንድ ዐይነ ስውር ጓደኛዋ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ስልክ ላከላት፤ ወፍራም፣ ባለ ቁልፍ፣ የሚናገር ፕሮግራም የተጫነበት። ሲም ካርዷን ቀይራ ከፈተችው። ከመደርደሪያው ማዶ የፈረንጅ ወንድ ድምፅ ሰማሁ። እያንዳንዱን ቁልፍ ስትነካ ይናገራል። አማረች ከልቧ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለብቻዋ፣ በዝግታ። አማርኛውን እንደ እንግሊዝኛ እያነበበ ያበላሸዋል፤ እሷ ግን በሁለት ቀን ለመደችው። ቤተሰብ የላኩላትን፣ የጉኑኖው ሰውዬ የጻፈላትን፣ ሁሉንም ደጋግማ አስነበበችው። መልእክት መሰረዝ ስለማትችል አንድም አልሰረዘችም ነበር፤ ሁሉም ሲሙ ላይ ተቀምጧል።

በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ስልኩን ጆሮዬ ሥር አስጠግታ ቁልፍ ተጫነች። «ካይሪታ ያሊው ሲው ኤስክ አርብ...» አለ ፈረንጁ። እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ እንደገና ተጫነች። ሦስት ጊዜ አሰማችኝ። እኔ ግን ምናልባት መልእክቱ ለሁለት ተቆርጦ ደርሶ ይሆናል፣ ኔትወርክ ነው አልኳት። ስልኩን ኪሷ ከታ ወጣች።

ለኮሚቴው አመለከተች። ጊዜው ያለፈብኝ መልእክቱ በሙሉ ስላልተነበበልኝ ነው አለች። ኮሚቴው ጠራት። አምስት ሰዎች ነበሩ። የሆነውን በኋላ የነገረኝ ከአምስቱ አንዱ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አሰማቻቸው። ሳቁ። አንደኛው እስቲ ድገሚው አላት፤ ማስረጃውን ፈልጎ ሳይሆን አዝናንቶት ነው። ደገመችላቸው፤ ስቀው እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች። ሰብሳቢው ይህ እንግሊዝኛ ይሁን አማርኛ አልታወቀም፣ ማሽን የተናገረውን በማስረጃነት አንይዝም፣ ዐይን ያለው ሰው ያንብበው አለ። ማን ያንብበው ሲባል፣ ሁልጊዜ የሚያነብላት ደምሴ ነው አሉ።

ተጠርቼ ገባሁ። ስልኩን ሰጡኝ። አማረች ከጎኔ ቆማለች፤ እያንዳንዱን ቃል በቃሏ እንደምታውቀው አውቃለሁ። አነበብኩ። አራቱንም ዐረፍተ ነገር፣ ነጥብ ሳላስቀር። ካለፈ አይታይም ብዬ ስጨርስ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«ያኔም እንዲህ ነው ያነበብክላት?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አዎ። ሙሉውን።»

«ዋሸ» አለች አማረች።

ሰብሳቢው በሥነ ሥርዓት እንድትናገር አሳሰባትና ምስክር እንዳላት ጠየቃት። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን አለች። እንግዲህ እሱ አንብቤያለሁ ይላል፣ አንቺ ደግሞ ረስተሽው ይሆናል አላት። ማመልከቻዋ ተዘጋ። ከአሥር ደቂቃ የበለጠ አልፈጀም።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባት። ግድግዳውን በዱላዋ ጫፍ ነክታ ቆማለች። የእግሬን ኮቴ ታውቀዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንጣላም ሳንጣላም በወላይትኛ ነበር የምናወራው፤ አንተ ነበር የምትለኝ። በዚያ ቀን በአማርኛ፣ ኃላፊ እንደምታናግር አድርጋ፣ «አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ሲዋሹ ድምፅዎ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ከእንግዲህ እኔን አያናግሩኝ።»

ማዞሪያው ተነቅሎ ወጣ። ክፍሉ የእኔ ብቻ ሆነ። እሷን ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጧት፤ ያለ ሥራ ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች። ወደ ሽንት ቤት ስሄድ በፊቷ ማለፍ ግዴታዬ ነበር። በደረስኩ ቁጥር ከሰው ጋር የምታወራውን ታቋርጣለች፤ ካለፍኩ በኋላ ትቀጥላለች። በዓመቱ ቦምቤ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መደቧት። ሰኞ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ አርብ ትመለሳለች፤ ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽ በጭቃ ውስጥ ወርደው ይገፋሉ፣ እሷም ትወርዳለች። አንድ ዓመት ታግላ ሥራውን ለቀቀች። እኔ በዚያው ዓመት ዕድገት አገኘሁ።

ስለ እሷ እንደገና የሰማሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሶዶ ተመልሳ፣ ከአንድ ቸርች ጓሮ ክፍል ለምና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዐይነ ስውራንን በሚናገር ስልክ መጠቀም ታስተምራለች አሉ። ስልኮቹን ያ ጓደኛዋ ፕሮግራሙን እየጫነ ይልክላታል። ሰው ከየወረዳው ይመጣል። ትቆጣለች፣ ታስለቅሳለች ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ተመልሶ አይገባም።

በዚያን ጊዜ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ጴጥሮስ እኛ ቤት ነበር። ቦምቤ ውስጥ የዝንጅብል ነጋዴ ነው። የዐይን ግፊት ቀስ በቀስ ሁለቱንም ዐይኖቹን አጠፋበት። ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጁ ይዞ ይቀመጣል። ደንበኞቹ የዝንጅብል ዋጋ በመልእክት ይልኩለታል፤ እኔ ከሥራ እስክመለስ ይጠብቃል። ስገባ፣ «አማች፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጮኋል» ይለኛል። አነብለታለሁ። ለእሱ ሙሉውን ነበር የማነበው፤ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሚስቴ ስለ አማረች ሰምታ ለምን አንወስደውም ስትለኝ፣ ያቺ ሴት ከተማውን ለቃለች አልኳት። ሚስቴ ግን ቸርች ውስጥ ጠይቃ አጣራች። መውሰድ ግድ ሆነብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጴጥሮስን ይዤ ከክፍሉ በር ደረስኩ። ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው አለ። «ሳሮ» ብዬ በወላይትኛ ሰላም አልኩ፤ ጴጥሮስም ተከተለኝ። ቃሏን አቋረጠች።

«ይግባ» አለች በአማርኛ። «እርስዎ ሳይሆኑ እሱ።»

አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ይሰማኛል። ስሙን፣ ሥራውን፣ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው። ከዚያ፣ «እስከ ዛሬ መልእክትህን ማን ነው የሚያነብልህ?» አለችው።

«አማቼ ነው፤ ይዞኝ የመጣው» አላት ጴጥሮስ። «ጎበዝ ነው። አንድ ቃል አያስቀርብኝም።»

እዚያ ቆሜ ልትነግረው ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሮጬ ብሄድ ወዴት ነው የምሄደው፣ ማታ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ነው የምቀመጠው። በመጨረሻ፣ «ከዛሬ በኋላ ራስህ ታነባለህ። አምስት ቁጥርን ፈልግ» አለችው።

ሰባት ቅዳሜ አመላለስኩት። አልነገረችውም። በስድስተኛው ቅዳሜ ጴጥሮስ ከሌሎቹ ጋር ሲጫወት እሷ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኳት። ከኮሪደሩ በኋላ ያናገርኳት ያኔ ነው።

«ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ። «እርስዎ ቤት ነው የሚያድረው።»

ምሕረት እንዳልሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ሁለት ቃል ሳልናገር አቆመችኝ። «በአፍዎ አልሰማም። አፍዎን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ጽፈው ይላኩልኝ። ራሴ አነበዋለሁ።» ቁጥሯን ነገረችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ያዝኩት።

ለመጻፍ ሳምንት ፈጀብኝ። ሰኞ የሆነውን፣ አርብ ደህና ሰንብት ስትለኝ የሆነውን፣ ኮሚቴው ፊት የዋሸሁትን አንድ በአንድ ጻፍኩ። በዚያን ጊዜ አማርኛ ፊደል ያለው ስልክ ይዤ ነበር፤ በፊደል ነው የጻፍኩት። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በላቲን አይጻፍም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጴጥሮስ ግን ከዚያ በፊት እራት ላይ፣ ይህ አማረች የሰጠችኝ የሚናገር ስልክ ጥሩ ነው፣ የአማርኛ ፊደል ሲያገኝ ብቻ ዲዳ ይሆናል ብሎ ነግሮኛል። ይህን እያወቅኩ ነው የላክኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጴጥሮስን ልወስድ ስመጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ደርሷል» አለችኝ። «ስልኩ ቁጥርዎን ጠራና ዝም አለ። ፊደል ነው አይደል?»

አዲሱ ስልክ በራሱ ነው እንደዚያ የሚጽፈው አልኳት።

ሰዓቷን ከፍታ ነካችው፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በወላይትኛ አናገረችኝ። የወላይታ ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ነው አለችኝ፤ በልጅነትህ እናትህ በምትቆጣህ ቋንቋ ጻፈው፣ ስልኬ ያነበዋል። ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላስነብበውም፤ ስለዚህ አንተ ካልጻፍከው አላውቀውም። እጽፋለሁ አልኳት። «ድምፅህ ጥሩ ነው» አለችኝና ገባች።

ጴጥሮስ ቦምቤ ተመልሶ ንግዱን ቀጠለ። ዋጋ ጠይቆ፣ ሰላምታ ጨምሮ፣ ራሱ የጻፈውን መልእክት ይልክልኛል፤ በወላይትኛ፣ በላቲን። እኔም በዚያው መልሼ እጽፍለታለሁ፤ ችግር የለብኝም።

አማረች ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሶዶ ውስጥ ኖረች። መናኸሪያው አካባቢ በዱላዋ መንገድ ስትሻገር አያት ነበር፤ አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ ለሹፌሩ ስናገር ድምፄን ሰምታ ፊቷን ወደ ውጭ መለሰች። ቁጥሯ ነበረኝ፤ ስልኳም ሁልጊዜ ክፍት ነበር። አልጻፍኩላትም።